የትርሲት ለቅሶ የት ነው

ትርሲት የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ በሰባት ሰዓት ተቀብራ አልቋል። በ2061 ዓ.ም. ይሄ መጣደፍ አይባልም። ቀብር የከተማው ሥራ ከሆነ ቆይቷል። ሬሳ የሚያመላልሰው መኪና ሹፌር የለውም፣ ጉድጓዱን የሚምሰው ማሽን ነው፣ እስከ መቃብሩ መሸኘት የሚፈቀድለትም አንድ ሰው ብቻ ነው። ቄሱ ተሰልፈው ለሚጠብቁ ስድስት ሬሳዎች ባንድ ላይ ፈትተው፣ ውሃ ተጎንጭተው፣ ለሚቀጥሉት ስድስት ተዘጋጁ።

ያ አንድ ሸኚ ባሏ ምንተስኖት ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለዱም። አፈሩ ሲመለስ፣ ከጎኑ የሚይዘው ሰው ስላልነበረ የማሽኑን ክንድ ያዘ። ማሽኑ ቆመ። «እባክዎ ይራቁ» አለው በሴት ድምፅ። ራቀ።

«ቀብር የከተማው፣ ለቅሶ የሰው» ይባላል። ለሰው የተረፈው ሦስቱ የለቅሶ ቀን ነው፤ እሱንም የሚያዘው ካርታው ነው። ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ አንዲት ጸሐፊ ስክሪኗን ወደ ምንተስኖት አዞረችለት።

«አባት፣ ለቅሶው የት ነው? ነጥቡን ያስቀምጡልኝ።»

ነጥቡ ስክሪኑ መሃል ተተክሎ አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀሰው ከሥሩ ያለው ካርታ ነው። ምንተስኖት በጣቱ ገፋ አደረገው። ጣቱ ሠላሳ ዓመት የሜትር ገመድ ሲስብ የኖረ ነው፤ ገፋ ያደረገው ሁሉ ይርቃል። ከተማው ጠፋ፣ አገሩ ጠፋ፣ ሰማያዊ ውሃ መጣ።

«ኧረ አባት፣ ውቅያኖስ ውስጥ ሊያስለቅሱን ነው እንዴ?» አለች ጸሐፊዋ። ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። እሷም ወዲያው አፈረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በራስዎ ስልክ ይሞክሩ። የራስዎ ካርታ ያውቅዎታል።»

ስልኩን አወጣ። የቤት ምልክቷን ነካ። ካርታው እንደ ጭልፊት ከላይ ወረደና ቆመ። ጥጉ ላይ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከበስተኋላው የኮክ ዛፍ። ነጥቧ ጣሪያው መሃል ላይ ነበረች። ያን ጣሪያ ያውቀዋል፤ ሁለት ጊዜ በገዛ እጁ ምስማር መትቶለታል። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ይሄ ነው?» አለች ጸሐፊዋ አንገቷን አስግጋ።

«እሱ ነው።»

«ይጽደቅ?»

«ይጽደቅ።»

ከቀብር መልስ ወደ አምስተኛው ቀለበት ሄደ። ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል። ከቤቱ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አይወጣም፤ ከየጎረቤቱ በር እያንኳኳ፣ ለምን እንደሆነ የጠየቀው ሳይኖር፣ ለምኖ ግቢው ውስጥ ደረደራቸው። ጥቁር ኮቱን ለበሰ። የእድሩን ድንኳን መጠበቅ ጀመረ።

የእድር ድንኳን በዚያ ዘመን ጠሪ አያሻውም። ነጥቧ ስትተከል ጋሪው ራሱ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን ጭኖ ነጥቧ ጋ ሄዶ ይቆማል። እድርተኛውም ስልኩ ላይ የለቅሶ ድራብ፣ ለቅሶ ያለበትን ብቻ የሚያሳይ የካርታ ንጣፍ፣ ይነጠፍለታል። ካርታው ላይ የማይነጠፍ ነገር የለም፦ የውሃ ድራብ አለ፣ የሠርግ ድራብ አለ፣ የተጣሉ ሰዎች እንዳይገናኙ የሚያደርግ ድራብ ሳይቀር አለ። ሰው መንገዱን ሳይጠይቅ ይመጣል። ሳይጠይቅ ይሄዳል። «የት ነህ?» ማለት ነውር ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። እያየኸኝ ትጠይቀኛለህ፣ አላምንህም ማለትህ ነው ይባላል። ወጣቶቹ ጥያቄውን የሚያውቁት ከድሮ ሰዎች ቀልድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጋሪ አልመጣም።

አንድ ጎልማሳ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ከደረደራቸው ወንበሮች ፊት ቆመ። «ምን እየጠበቁ ነው አባት?»

«ሰው።»

ሰውዬው ስልኩን አየ። «እዚህ ግቢ ዛሬ ምንም የለም ይላል እኮ።»

«ሚስቴ ሞታለች።»

ሰውዬው መልሶ ስልኩን አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን ሳይሆን ግራ መጋባት ነው። «እግዜር ያጥናዎ» አለና፣ ውሻው እየሳበው ሄደ። መቀመጥ የሚሆንለት አልመሰለውም፤ ለቅሶ የሌለበት ቦታ እንዴት ይቀመጣል?

ምንተስኖት ጥርሱን ነክሶ የለቅሶ ድራቡን ከፈተ። ካርታውን አርቆ ሲያየው ለቅሶዎቹ ቁጥር የተጻፈባቸው ጥቁር ክቦች ናቸው፤ ቁጥሩ የተቀመጠውን ሰው ብዛት ይናገራል። ስድስት፤ አሥራ አንድ፤ አራት። ከተማው መሃል ላይ ደግሞ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ አንድ ትልቅ ክብ፦ መቶ አሥራ ስምንት።

«ለባለጊዜ ነዋ» አለ ለባዶ ወንበሮቹ። «የእኛዋን ማን ያውቃታል።» ቀርቦ አላየውም። የሰው ድግስ ማን በቀዳዳ ያያል? ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እንዲህ ያለው ሰው ዝም ብሎ እንዲህ አልሆነም። ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ከዚያ ከቀያሾች ጋር እየዞረ የሜትር ጫፍ ይይዝ ነበር። መሐንዲሶቹ ልጆች በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «አንተ ሜትር፣ ወዲያ በል!» ነው። የከተማው ግማሽ የተለካው በእሱ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። እርምጃው ሰባ አምስት ሳንቲም ናት፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። በኋላ ልኬት ከሰማይ ሆነ፤ ሜትር ያዥ ቀረ። ማንም አመሰግናለሁ አላለውም።

ከዚያ የገዛ ቤቱ ተራ ደረሰ። ግራር ሥር የሚባለው ሰፈር ሊነሣ ሲል፣ ከሰማይ የተነሣው ፎቶ የምንተስኖትን ቤት ሠላሳ ካሬ አለው። ቤቱ አርባ ሁለት ነው። አሥራ ሁለቷ ካሬ የትርሲት ጓዳ ናት፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ ያለባት፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚሰበሰብባት። የኮክ ዛፉ ቅርንጫፍ ሸፍኗት ፎቶው አላያትም። ኮሚቴው ምስክር አምጣ አለው። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረውን፣ ከልጅነት አብሮት ያደገውን ሱራፌልን አመጣ። ሱራፌል በዚያች ጓዳ ደጅ ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና ጠጥቷል። ኮሚቴው «ጓዳዋ ነባር ናት ወይስ በኋላ የተቀጠለች?» ብሎ ሲጠይቀው ግን መሬት መሬት እያየ «አላውቅም» አለ። የእሱም ቤት በዚያው ሳምንት ይታይ ነበርና ፈራ። በዚህች አንዲት ቃል ምንተስኖት ሁለት ክፍል ሊደርሰው ሲል አንድ ደረሰው። የስፌት መኪናዋ አልገባ ብላ ኮሪደር ላይ ዛገች።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት፣ ያው ሱራፌል የእድሩ ሰብሳቢ ነው። ምንተስኖት በተነሣ ማግስት ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ራሱን ከእድሩ ካርታ ሸሸገ፤ ለእነሱ እሱ የሚባል ነጥብ የለም፣ ስልካቸውም እሱ ጋ አይገባም። ሁለተኛ፣ ካርታው ላይ ያለውን የቤቱን ምልክት አላነሣም። «ቤቴ እዚያ ነው» አለ። የፈረሱ ሰፈሮችን በአዲሱ ከተማ ላይ አንጥፎ የሚያሳይ ነባር የሚባል ድራብ አለ፤ ሽማግሌዎች ለትዝታ አንዳንድ ቀን ይከፍቱታል። እሱ ዘጠኝ ዓመት አልዘጋውም። የሱ ካርታ ላይ ግራር ሥር አንድ ቆርቆሮ አልጎደለባትም።

ትርሲት ግን ነጥቧን አልሸሸገችም። በየወሩ ሁለት ባቡር ቀይራ እድር ስብሰባ ትሄድ ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለዋለች ጫማዋን እያሠረች። «ተው ምንቴ። ፈርቶ ነው። አንተ ፈርተህ አታውቅም?»

«ሰላም በይልኝ እንዳትዪው።»

«እሱ ሰላም ይልሃል።»

«አልሰማሁም።»

ረቡዕም ወንበሮቹን ደረደረ። ረቡዕም ጋሪ አልመጣም። ሱራፌል ነው፣ አለ በልቡ፤ በሕይወት ሳለች ጓዳዋን ነጠቃት፣ ስትሞት ድንኳኗን። አንድ ጊዜ ሳያስበው ድራቡን ከፈተ። መሃል ከተማ ያለው ክብ መቶ ሃምሳ ሁለት ሆኗል። ስልኩን በቁጣ ዘጋና አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ላይ ተራ በተራ ተቀመጠ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ከእያንዳንዱ ላይ ሌላው ባዶ ሆኖ ይታያል።

ሐሙስ ሰልስት ነው፤ የመጨረሻው ቀን። ጎረቤቱ ኤልዳና የተባለች ሥራዋን ከቤት የምትሠራ ልጅ፣ ወንበሯን አልመለሰም ብላ ልትጠይቅ ወረደች። ወንበሯ ላይ ሽማግሌ፣ ሽማግሌው ላይ ጥቁር ኮት አየች።

«ጋሼ ምንተስኖት፣ ሦስት ቀን እዚህ ምን እያደረጉ ነው?»

«ትርሲትን እያለቀስኩ ነዋ።»

«እማማ ትርሲት ሞተዋል?» አፏን በእጇ ያዘች። አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ጎኑ ተቀመጠች፤ ሦስት ቀን ሙሉ የተቀመጠ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ከዚያ የዘመኑ ልጅ አይደለች፣ ስልኳን አወጣች። «ለምን ታዲያ እዚህ አይታይም?»

«እድሩ አይወደኝም። ሰዉ ሁሉ ያው እዚያ ነው፣ ለባለጊዜው።» ጥቁሩን ክብ ስልኳ ላይ አሳያት። መቶ ስልሳ አራት።

ኤልዳና ክቡን በሁለት ጣቷ ከፈተችው። አንዱ ቁጥር ተበትኖ ሦስት ሆነ። መልሳ ከፈተች፤ ሦስቱ ተበትነው እንደ ጤፍ የተዘሩ ነጥቦች ሆኑ። መልሳ ስትከፍት ከነጥቦቹ መሃል የድንኳን ምልክት ወጣ፣ ከድንኳኑ በላይ ስም። አነበበችው፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ጋሼ... ይሄ የእማማ ትርሲት ስም ነው።»

ምንተስኖት ስልኩን ተቀብሏት አፍንጫው ሥር አደረገው። ትርሲት ወልደሰንበት። የሷ ካርታ ላይ ነባሩ ድራብ የለም፤ ስለዚህ ቆርቆሮም፣ አጥርም፣ ግራር ሥርም የሉም። አረንጓዴ መናፈሻ ሜዳ ነው፤ ሜዳው መሃል ድንኳን፤ ድንኳኑ ዙሪያ ሰው። የራሱን ስልክ አውጥቶ ከጎኑ ያዘው። በሱ ላይ ነጥቦቹ ሁሉ ጣሪያው ሥር፣ ቤቱ ውስጥ ታጭቀዋል።

«እኔ ነኝ» አለ። «በገዛ እጄ።»

«ይደውሉላቸዋ! ቆዩ ይበሏቸው!»

«እኔ ነኝ ለሱራፌል የምደውለው?»

«ማነው ሱራፌል?»

ኮቱን ቆለፈና ወደ ባቡሩ ነጎደ፤ ሰባ አንድ ዓመት ሊነጉድ የሚችለውን ያህል።

መንገዱ ከአምስተኛው ቀለበት መሃል ከተማ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክቡን እያየ ሄደ። ሲሳፈር መቶ ስልሳ አራት። አራተኛው ቀለበት ላይ መቶ አርባ። የሰልስት ሰው ከቀትር በኋላ ይበተናል፤ ያውቃል። ባቡሩ ሦስተኛው ቀለበት ላይ ያለ ምክንያት ቆመ። ዘጠና ስምንት። ከፊቱ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካርታ መሃል ላይ ተቀምጠዋል። የካርታ ደግነቱ ይሄ ነው፤ የትም ብትሆን፣ ማንም ባያውቅህ፣ መሃል ያደርግሃል። ባቡር ቀየረ። ሃምሳ ሦስት። የሚበተኑት ነጥቦች በሃዲዱ በሌላኛው ወገን እያለፉት ነበር፤ አንድ ጊዜ በመስኮት ጥቁር ነጠላ የለበሱ ሴቶች የሞሉበት ባቡር ሽው ብሎ አለፈ። እጁን አነሣ። አላዩትም። አሥራ ሰባት። መናፈሻው ጣቢያ ሲወርድ አራት። በሩን ሲያልፍ ክቡ ራሱ ጠፋ።

ሜዳው ባዶ ነበር። ድንኳኑን ጋሪው ወስዶታል፤ ሣሩ ላይ የካስማው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የኮክ ዛፉ ግን ቆሟል። ዛፍ ተነሺ አይደለም።

መጥረጊያ የያዘ ዘበኛ መጣ። «ዘግይተዋል የኔ ጌታ። አሁን ወጡ።»

«ሁሉም?»

«አንድ ሽማግሌ አልሄድም ብለው ሲያስቸግሩኝ ነበር፤ እሳቸውም አሁን ወጡ። ከሦስት ቀን በላይ አይፈቀድም፣ ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት በዘበኝነት ስሠራ እንዲህ ያለ ለቅሶ አላየሁም። ለቅሶው አለ፣ ሐዘንተኛው የለም!» መጥረጊያውን ተደግፎ ሳቅ አለ። «ባልየው የት አለ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ምን ይሉኛል? ‹አይመጣም። እሱ ኩሩ ሰው ነው። ተቀይሞናል፣ እኛ ፊት አያለቅስም። ቤቴ እዚህ ነው ሊለን ነው ነጥቧን እዚህ የተከላት። ልክ ነው፣ ቤቱ እዚህ ነው።› ዞረው ሰዉን ‹ተቀመጡ› አሉት። መቶ ስልሳ ሰው ሣር ላይ ተቀመጠልዎት!»

ምንተስኖት ወደ መሬት ጠቆመ። «ይሄ ድንጋይ ምንድነው?»

ሣሩ ላይ፣ ዳር ዳሩን፣ ጡብ የሚያህሉ ድንጋዮች በመስመር ተደርድረዋል።

«እሱን አያንሡብኝ፤ ነገ እኔ ነኝ የማነሣው። የሳቸው ሥራ ነው፣ የሽማግሌው። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በከዘራቸው ሲለኩ ዋሉ። ቤቱ እስከዚህ ነው፣ በሩ እዚህ ነው፣ እያሉ። ሴቶቹ ‹ተው ጋሽ ሱራፌል፣ እግርህ ያብጣል› ሲሏቸው፣ ‹ዝም በሉ፤ ያኔ አላውቅም ያልኩትን ዛሬ ልወቀው› ይላሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እንጃ። ትንሽ ነክቷቸዋል መሰለኝ።»

ዘበኛው ሌላ ወሬ ጠብቆ፣ ሲያጣ፣ እየጠረገ ሄደ።

ምንተስኖት የበሩ ክፍተት ጋ ጫማውን አውልቆ ገባ። መለካት ጀመረ። ርዝመቱን ስምንት እርምጃ፤ ስድስት ሜትር። ወርዱን ስድስት እርምጃና ሁለት ሦስተኛ፤ አምስት ሜትር። ሠላሳ ካሬ። ሰማይ የሰጠው ይቺን ነው። ግን ድንጋዩ እዚህ አላበቃም። በስተኋላ በኩል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ፤ ከክፍተቱ ወዲያ መስመሩ ይቀጥልና የኮክ ዛፉ ሥር ይገባል። በክፍተቱ አለፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሦስት ሜትር። ዞረ። አምስት እርምጃና ሲሶ። አራት ሜትር። ድገም አለ ለራሱ፣ ድሮ መሐንዲሶቹ እንደሚሉት። ደገመ። አሥራ ሁለት ካሬ፤ አልጨመረች፣ አልቀነሰች። ሣሩ እዚያ ከሌላው ይበልጥ ተረግጦ ተኝቷል፤ ሴቶቹ ሦስት ቀን የተቀመጡት እዚህ ነበር።

ተቀመጠ። የስፌት መኪናዋ የነበረችበት ጥግ ጋ። ስልኩን ሲከፍት ካርታው እንደ ልማዱ መሃል አደረገው። ነባሩን ድራብ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጋው። ቆርቆሮው ጠፋ፤ ሜዳው ብቻ ቀረ፣ ሜዳው ላይም እሱ ብቻ። ካርታውን አራቀው። መናፈሻው አነሰ፣ ከተማው ገባ፣ ነጥቡ የአሸዋ ቅንጣት አከለ። እዚህ ከተማ ውስጥ እሱ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ያደረገው እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ኮራበት።

ከካርታው ቅንብር ታች፣ አቧራ የጠጣች የምትመስል አንዲት ምልክት ነበረች፦ «ለእድሩ ይታይ»። ጣቱ ላይዋ ላይ ቆመ። ከዚያ ተጫናት።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ዘበኛው ሩቅ ሆኖ ይጠርጋል። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ የመልእክት ጩኸት አይደለም፣ የድሮው፣ ሰው የሚደውልበት። የማን ቁጥር እንደሆነ ስም አልነበረበትም፤ ስሙን ከፋቀው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጆሮው ላይ አደረገው። ከወዲያ በኩል የባቡር ድምፅ፣ ከባቡሩ ድምፅ ላይ የሽማግሌ ትንፋሽ።

«ምንቴ» አለ ሱራፌል።

«አቤት።»

ሱራፌል ስልኩ ላይ ነጥቡን እያየው ነው፤ ሜዳው መሃል፣ ከነስሙ፣ እስከ ክንዱ ልክ። ሁሉም ሰው እንደሚያየው ያየዋል። ቢሆንም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሃያ ዓመት ሰው ሰውን ያልጠየቀውን ጠየቀው።

«የት ነህ?»

ምንተስኖት ድንጋዮቹን አየ። ቅርንጫፉን ቀና ብሎ አየ። ሦስት ቀን ደርቆ የነበረው ዓይኑ ያን ጊዜ ሞላ።

«ጓዳ ነኝ» አለ። «ኮክ ዛፉ ሥር።»